ዳኛው ያላየውን ያየ ሰው



ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዕለቱ እሑድ ነበረ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ ከሚሴ ላይ ለጥቂት ጊዜ ዐረፍን። አረፋ ሊውል ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለ ነበር የከተማዪቱ ጎዳና በበግና በፍየል ነጂዎች ተሞልቶ ነበር፤ ሆኖም በዚያን ሰዓት ሻጩም ገዢውም ከብቱን ለልጆች አደራ እየሰጠ ቴሌቪዥን ወዳለበት ሻይ ቤት ይጋፋ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ከናይጄሪያ ጋር ይጫወት ነበርና። ሀገራችን ለዓለም ዋንጫ ለመድረስ የዚያን ጊዜውን ያህል ቀርባ አታውቅም ነበር፤ በዚያ ሻይ ቤትም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንድ ልብ ሆኖ ነበር።

በጨዋታው መካከል ወደ ናይጄሪያ ግብ የተላከች አንዲት ኳስ በተከላካይ እግር ተመልሳ ወጣች። የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ገብታለች!» አለ። ዳኛው ግን ግቡን ሳያጸድቅ ጨዋታው ቀጠለ። ወዲያው ከወጣቶቹ አንዱ «ዳኛው ተገዝቷል!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎችም ቃሉን ተቀብለው ደገሙት። በበሩ አጠገብ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ዳኛውን ለምን ትሰድቡታላችሁ? እርሱ ሩቅ ነው፤ ላያይ ይችላል። ኳሷን በእግሩ ያወጣት ልጅ ግን መስመሩ ላይ ቆሟል። መግባትና አለመግባቷን የሚያውቅ እርሱ ነው። በእኛ አገር ደንብ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነበር።» ይህን ብለው ወደ እኛ ዘወር አሉና «አይደለም እንዴ፣ አባ?» ሲሉ ጠየቁን። «ነው፣ አባቴ» ብለን መለስን፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ ከበደን። ለምን እንደ ከበደን ወደ ኋላ እንናገራለን።

እንደሚታወሰው በዚያ ቀን በኃይሉ አሰፋ ባስቈጠረው ግብ ኢትዮጵያ ቀድማ መርታ ነበር፤ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አንዱን በጨዋታ፣ ሌላውን በመጨረሻው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አስቈጥሮ ናይጄሪያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ኅዳር 7 ቀን በካላባር በተደረገው የመልስ ጨዋታ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ የሁለቱ ጨዋታ ድምር 4 ለ 1 ሆነ። በሒሳብ ብቻ ሲታይ ያቺ አንዲት ኳስ ብትጸድቅ እንኳ ልዩነቱን አትሞላም ነበር። እርግጥ ነው፣ ጨዋታ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የመራ ቡድን ልቡም እግሩም ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ዓመታት ካለፉም በኋላ የዚያ ቀን ነገር ሲነሣ የምንሰማው ስለ ሁለቱ የኤሜኒኬ ግቦች ሳይሆን ስላልተነፋችው ፊሽካ ነው። ሽንፈት ይረሳል፤ ተበደልን ማለት ግን አይረሳም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዳኛ ሲሳሳት የሚፈጸመው ነገር ምንድር ነው? በደል ነውን ወይስ እንደ ድንገተኛ በረዶ ያለ አደጋ? በደል ከሆነስ በዳዩ ማን ነው?

በደል እንዲኖር በዳይ መኖር አለበት፤ በዳይ ደግሞ ሊባል የሚችለው ዐውቆ ወይም ማወቅ ሲገባው ቸል ብሎ የሌላውን መብት የሚወስድ ሰው ነው። ዳኛው በሚገባው ስፍራ ቆሞ፣ ዐይኑን ከፍቶ፣ ሳያዳላ ፈርዶ ቢሳሳት በውጤቱ እንጐዳለን እንጂ በእርሱ አልተበደልንም። ቅዱስ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ታላቅ ሥራው በ19ኛው መጽሐፍ ስለ ምድር ዳኞች ሲያስብ፣ የሚፈርዱበትን ሰው ልብ ማየት የማይችሉ ሆነው ሳለ መፍረድ ግድ ስለ ሆነባቸው ያዝንላቸዋል። ጠቢብ ሰው ይህን እያወቀ በፍርድ ወንበር ይቀመጣልን ብሎ ይጠይቅና፣ የሰው ልጆች አብሮ መኖር ስለሚያስገድደው ይቀመጣል ይላል። አውግስጢኖስ ያሰበው ስለ ሞትና ስለ ሕይወት ፍርድ ነው፤ የእኛ ነገር ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ሥሩ አንድ ነው። ዳኛ የሚያስፈልገን ሁሉን የሚያይ ስለ ሆነ አይደለም። አንድ ሰው ወስኖ ካላስቆመው ክርክር ማብቂያ ስለሌለው ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖም ስለ ፍትሕ በጻፈው ክፍል፣ ዳኛ መፍረድ ያለበት በግሉ በሚያውቀው ሳይሆን በአደባባይ ቀርቦ በተረጋገጠው ነው ይላል። ይህም ማለት የዳኛው ዕውቀት ወሰን አለው፤ ከወሰኑ ውጭ ያለውን እውነት እንዲፈርድ አይጠበቅበትም። ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ ዳኛው ሊያየው የማይችለው እውነት ባለቤት የሌለው ሆኖ አይቀርም። ያየው ሰው ባለ ዕዳው ነው።

ዓለምን ካነጋገሩ የስፖርት ፍርዶች አንዱን ብናነሣ ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ቡድኖች ተገናኙ። ጨዋታው ጳጉሜን 4 ቀን በሌሊት ተጀምሮ የተጠናቀቀው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር። ሦስት ሰከንድ ሲቀር አሜሪካ 50 ለ 49 ትመራ ነበር። በዕረፍት ጥያቄና በሰዓት አሞላል በተነሣ ክርክር ምክንያት እነዚያ ሦስት ሰከንዶች ሦስት ጊዜ ተጫወቱ፤ በሦስተኛው አሌክሳንደር ቤሎቭ ኳሷን በቅርጫቱ ከተተና ሶቪየት ኅብረት 51 ለ 50 አሸነፈች። ከዳኞቹ አንዱ፣ ብራዚላዊው ሬናቶ ሪጌቶ፣ በውጤቱ መዝገብ ላይ አልፈርምም አለ። ይግባኙን የሰሙት አምስት ሰዎች 3 ለ 2 ተከፋፍለው ውጤቱን አጸኑ። የአሜሪካ ተጫዋቾች የብር ሜዳሊያቸውን አንቀበልም አሉ፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም አልወሰዱትም።

በሙኒክ የተሸሸገ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም በአደባባይ ተደርጎ በብዙ ዐይን ታይቷል። የጎደለው ማስረጃ አልነበረም፤ የታየውን በአንድ ድምፅ የሚፈርድ ጠፋ እንጂ። ስለዚህ ዐይን ቢበዛ ክርክር ያልቃል የሚለው ተስፋ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ እናስተውላለን። በእግር ኳስ በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ብራዚል ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ፣ ኳስ የግብ መስመርን ማለፏን የሚያረጋግጥ መሣሪያ በሥራ ላይ ዋለ፤ በ2010 ዓ.ም. በሩሲያ ደግሞ ዳኛውን በምስል የሚረዱ ዳኞች ተጨመሩ። መልካም ነው፤ ያዲስ አበባዋ ኳስ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ አታከራክርም ነበር። ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው መስመሩን ነው፤ ልብን አያይም። የበደልም መኖሪያ ልብ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማናነሣውን ሌላውን ስሕተት እናንሣ። ከናይጄሪያው ጨዋታ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቡድናችን በሎባትሴ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ በተመሳሳይ ውጤት አሸነፈና አገር ሁሉ በደስታ ወጣ። ደስታው ሳይበርድ ግን በሎባትሴው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበትና መቀጣት የሚገባው ተጫዋች መሰለፉ ተሰማ። ፌዴሬሽናችን ስሕተቱን አመነ፤ ፊፋም ውጤቱን ለቦትስዋና 3 ለ 0 አድርጎ ከእኛ 3 ነጥብ ቀነሰ። ቡድናችን በብራዛቪል የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር ወደ ናይጄሪያው ግጥሚያ ያለፈው።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እናስብ። ሎባትሴ ላይ ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ የተጐዱትም የሌላ አገር ልጆች ነበሩ። የቢጫው ካርድ ነገር ለማየት ፈጣን ዐይን ወይም ካሜራ አያስፈልግም፤ በወረቀት የተጻፈ ነበርና። ከመካከላችን ዐውቆ ዝም ያለ ነበረ ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት «ቀረብን፤ ሦስት ነጥባችን ተወሰደ» ያልነውን ያህል «የቦትስዋና ልጆች በማይገባ ተሸንፈው ነበር» ያልን ስንቶቻችን ነን? ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን ማመኑ የሚያስከብር ሥራ ሆኖ ሳለ ያተረፈለት ስድብ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ ግን በአንድ ዳኛ ላይ «ተገዝቷል» ብለን ለመጮኽ ማንም አልቀደመንም። ስለ ራሳችን ሲሆን «ስሕተት ነው» እንላለን፤ ስለ ሌላው ሲሆን «ሤራ ነው» እንላለን። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ያላስቀመጠ ሰው ስለ ፍትሕ ተናግሬአለሁ ሊል አይችልም።

በዚያው በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እኛ ደመራ በምንደምርበት በመስከረም 16 ቀን፣ በጣሊያን አገር በኔፕልስ ከተማ አንድ ነገር ሆነ። ለላትሲዮ ቡድን የሚጫወተው ጀርመናዊው ሚሮስላቭ ክሎዘ በናፖሊ ላይ ግብ አስቈጠረ፤ ዳኛውም አጸደቀ። የናፖሊ ተጫዋቾች ሲቃወሙ ክሎዘ ኳሷ እጁን ነክታ መግባቷን ለዳኛው ነገረው፤ ግቡ ተሻረ፤ ቡድኑም በመጨረሻ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ዳኛው ሊያየው ያልቻለውን ያየው ሰው ዕዳውን ከፈለ።

«ታዲያ ተጫዋች ሁሉ በራሱ ላይ ምስክር ሊሆን ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና በጥንቃቄ እንመልሰው። በጨዋታ ውስጥ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ የተቀበለው ማታለል አለ። ወደ ቀኝ ያሳየ መስሎ ወደ ግራ የሚያልፍ ተጫዋች አልዋሸም፤ ተጋጣሚውም ያንኑ ያደርግበታልና። በገና ጨዋታ ጌታ እንዳይቆጣ የሚለው ያገራችን ብሂልም የጨዋታ ሜዳ የራሱ ልማድ እንዳለው ያሳያል። ስለዚህ ተጫዋች በየደቂቃው ጨዋታውን እያስቆመ እንዲናዘዝ ግዴታ አለበት አንልም፤ መፍረድ የዳኛው ድርሻ ነው። ሦስት ነገሮች ግን ከማንም አይነሡም። ተጠይቆ ሐሰት አለመናገር አንዱ ነው። እውነቱን እያወቀ ከከሳሾች ጋር አለመጮኽ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውም ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በዝምታው ምክንያት የሌላ ሰው ስም የሚጠፋ ከሆነ መናገር ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ነገሩ ከጨዋታ ወጥቷልና የጨዋታ ልማድ መሸሸጊያ አይሆንም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። በዘርአ ክህነት ተማሪ በነበርንበት ዘመን በኮሌጆች መካከል በተደረገ አነስተኛ የቅርጫት ኳስ ውድድር ለፍጻሜ ደርሰን ነበር። ጥቂት ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እንመራ የነበርነው እኛ አልነበርንም፤ ተጋጣሚዎቻችን ነበሩ። ኳሷ ከሜዳው ወጣች። መጨረሻ የነካችው የእኛን ጣት ነበር፤ ንክኪው እስከ ዛሬ ይሰማናል። ዳኛው ግን ኳሷን ለእኛ ሰጡ። ባልንጀራችን ተቀብሎ ወረወረ፤ ገባች፤ አሸነፍን። ዳኛው ያለ ክፍያ ሊያገለግሉ የመጡ አንድ ጎልማሳ መምህር ነበሩ። የተሸነፉት ተማሪዎች ከበቧቸውና «ስንት ተቀበልህ?» አሏቸው፤ ሰው ፊት አዋረዷቸው። እርሳቸውም በዚያ ጩኸት መካከል ሆነው አንድ ጊዜ ወደ እኛ ተመለከቱ። እኛ ደግሞ የጫማችንን ክር ለማሰር ጎንበስ አልን።

ከዚያ በኋላ እኚያ መምህር ፊሽካ ይዘው ሜዳ እንዳልወጡ ሰማን። ክህነት ከተቀበልን በኋላ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር፤ ከዚያች ከተማ ተዛውረዋል፤ ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግረንም አላገኘንም። ለብዙ ጊዜ ሕሊናችንን ስንመረምር የተበደሉት ዋንጫው የቀረባቸው ተማሪዎች እንደ ሆኑ ብቻ እናስብ ነበር። የከሚሴው ሽማግሌ በጠየቁን ቀን ግን ሌላ ነገር ተገለጠልን። ተማሪዎቹ ያጡት አንድ ዋንጫ ነው፤ መምህሩ ያጡት ስማቸውን ነው። ስሕተታቸውን ያመጣው ዐይናቸው ነበር፤ ውርደታቸውን ያመጣው ግን የእኛ ዝምታ ነው። ቅዱስ ቶማስ የሰውን መልካም ስም ያለ አግባብ የወሰደ ሰው፣ ገንዘብ እንደ ወሰደ ሰው ሁሉ፣ የመመለስ ግዴታ አለበት ሲል ያስተማረውን ለፈተና አጥንተን ነበር፤ በራሳችን ላይ ግን አላነበብነውም ነበር። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ሲገባ ገንዘቡ በእጁ ነበረ። ስምን የወሰደ ሰው ግን የሚመልስለትን ሰው ያጣ እንደ ሆነ ምን ይመልሳል? ቢያንስ እውነቱን በአደባባይ ይናገራል። እነሆ ተናገርን፤ እኚያ መምህር አላዳሉም፤ ምንም አልተቀበሉም፤ እውነቱን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነበር፤ እርሱም ዝም አለ።

ሽማግሌው «በእኛ አገር ደንብ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ነበር የወሎና የሸዋ ሰው ያውቀዋል። በቀድሞ ዘመን ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አድራጊው ሲጠፋ የመንደሩ ሰው በሙሉ ለ«አውጫጭኝ» ይጠራ ነበር፤ በሌላው ስፍራ «አፈርሳታ» ይባላል። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ በዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ በየቀጠሮው ይመላለሳል። ጉድለት የለበትም አንልም፤ በግምትና በቂም የተጠቈመ ንጹሕ ሰው አይጠፋምና። ነገር ግን በመሠረቱ ላይ አንድ ትልቅ አሳብ አለ። እውነት የዳኛው ብቻ ሥራ አይደለችም፤ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዕዳ ናት። በባቲ በኩልም በአፋርና በኦሮሞ፣ በአማራም መካከል ደም ሲፈስ አበጋር የሚባሉት የእርቅ አባቶች ወገኖቹን አገናኝተው ያስታርቃሉ፤ እርቁም የሚቆመው እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጥፋት ሲያምን ነው።

ስለ ኳስ ጀምረን ወደዚህ የደረስነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር ያ ሻይ ቤት ባለበት በዚያው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ኳስ ሲመለከት አንድ ልብ የነበረው ሕዝብ ተለያይቶ ዐየነው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ወገን ሐዘንተኞችን ስናጽናና የሰማነው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ የራሱን ሟች ይቈጥራል፤ የሌላውን ጥፋት ይዘረዝራል፤ መንግሥት ወይም ሌላ ገላጋይ እውነተኛ ፍርድ እንዲሰጠው ይጠብቃል። መጠበቁ አይነቀፍም፤ ፍርድ መስጠት የዳኛ ግዴታ ነው። ነገር ግን በሌሊት የሆነውን ያላየ ዳኛ ስንት ዓመት ቢቀመጥ ያላየውን አያይም። ያየው በስፍራው የነበረው ሰው ነው። ሌላው ያደረገብንን ለመናገር አስተማሪ አያስፈልገንም፤ የእኛ ወገን ያደረገውን ለመናገር ግን ጎንበስ ብለን የጫማችንን ክር እናስራለን። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለዋል፤ ንጋት ግን በራሱ ይመጣል፣ እውነት ተናጋሪ ይፈልጋል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ በተለይም ወጣቶችን በሜዳ የምታሠለጥኑ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከጨዋታ ሲመለሱ «ዳኛው ምን አደረገባችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁአቸው። «ዳኛው ያላየውን አንተ ምን አየህ?» ብላችሁም ጠይቁአቸው። በትንሿ ሜዳ «እኔን ነክታለች» ማለት የለመደ ልጅ፣ ጎልምሶ በትልቁ ነገር በተጠየቀ ቀን አፉ አይያዝም። በሜዳ ዝም ማለትን የለመደም ዝምታውን ይዞ ያድጋል፤ እኛ ይህን በራሳችን ዐይተነዋል።

የከሚሴውን ሽማግሌ ከዚያ ቀን በኋላ አላገኘናቸውም። በመንገዱ ባለፍን ቍጥር ግን ያ ጥያቄአቸው ይሰማናል፤ «አይደለም እንዴ፣ አባ?» ይሉናል። ነው፣ አባቴ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ያወቀ ሰው ነው፤ እኛም ሳንጠየቅ መናገር ይገባን ነበር።